ፖቶማክ ያርድ ላይ ሊሠራ የነበረው አሬና፦ አሌክሳንድሪያ ዕድል አመለጣት ወይስ ከዕዳ ተረፈች?

ሴሚናሪ ሮድ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የካፒታልስ የበረዶ ሆኪ ቡድንና የዊዛርድስ ቅርጫት ኳስ ቡድን ከዲሲ ወደ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ይዛወራሉ የተባለው ዕቅድ ከፈረሰ ቆየ። ክርክሩ ግን እስካሁን አልበረደም። ቡና በተፈላበት ሁሉ አንዱ «ከተማችን የወርቅ ዕድል አመለጣት» ሲል ሌላው «እግዜር ነው ያወጣን» ይላል። ቁጥር ሲጠየቁ ግን ሁለቱም ዝም ነው።

እርግጥ የሆነውን ላስቀምጥ። ዲሴምበር 13 ቀን 2023 የወቅቱ የቨርጂኒያ ገዥ ግሌን ያንግኪንና የቡድኖቹ ባለቤት ቴድ ሊዮንሲስ ፖቶማክ ያርድ በሚባለው የአሌክሳንድሪያ ሰፈር 2 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ የአሬና ዕቅድ ይፋ አደረጉ። ማርች 27 ቀን 2024 አሌክሳንድሪያ ድርድሩ ማብቃቱን አስታወቀች። በዚያው ቀን የዲሲ ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ከሊዮንሲስ ጋር የነባሩን አሬና ማደሻ የ515 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ፈረሙ፤ ቡድኖቹም እስከ 2050 ዲሲ ሊቆዩ ሆነ።

ጥያቄዬ እነዚህ ናቸው። የአሌክሳንድሪያውን ብድር ማን ሊከፍል ነበር? የታሰበው ገቢ ባይመጣስ? የሆኪ ቡድን ዝም ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ መሄድ ይችላል ወይ? ደግሞስ ቡድኖቹ የሚጫወቱበት፣ በ1997 የተከፈተው የዲሲ ህንጻ እንዴት ነው አርጅቷል የሚባለው? የምታውቁ በቁጥር አስረዱን።

ሒሳብ ሹም መለሰ፦

ከብድሩ ልጀምር፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

በዕቅዱ መሠረት የቨርጂኒያ የስፖርትና መዝናኛ ባለሥልጣን የሚባል አዲስ መሥሪያ ቤት ይቋቋማል፤ መሬቱም አሬናውም በእሱ ስም ይሆናል፤ ቦንዱንም የሚሸጠው እሱ ነው። የባለቤቱ ድርጅት ሞኑሜንታል በቅድሚያ 403 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፤ አሌክሳንድሪያ 106 ሚሊዮን ታዋጣለች። የቀረው 1.5 ቢሊዮን ገደማ በቦንድ ይሸፈናል። ቦንዱ የሚከፈለው ከቡድኖቹ ኪራይ፣ ከፓርኪንግ፣ ከስያሜ መብት ሽያጭ፣ ከትኬት ግብርና ከአካባቢው ከሚሰበሰበው ሌላ ግብር ነው።

ይህ በዓመት ስንት ይሆናል? ለመገመት እንዲመች ወለዱን 5 በመቶ፣ ዘመኑን 30 ዓመት እናድርገው። በዚህ ስሌት 100 ሚሊዮን ዶላር ብድር በዓመት 6.5 ሚሊዮን ያስከፍላል፤ እስኪያልቅ 195 ሚሊዮን ይሆናል። 1.5 ቢሊዮን የዚህ 15 እጥፍ ነው፤ በዓመት ወደ 98 ሚሊዮን ማለት ነው። ሁለቱ ቡድኖች በመደበኛው ውድድር በሜዳቸው የሚጫወቱት 82 ጊዜ ያህል ነው። ለእነዚያ ብቻ ብናካፍለው በአንድ ጨዋታ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይደርሳል። 18,000 ሰው ቢገባ በአንድ ተመልካች 66 ዶላር ነው፤ ይህ ለብድሩ ብቻ ነው፤ ለተጫዋች ደመወዝ፣ ለመብራት፣ ለጥበቃ ገና ምንም አልተከፈለም። ኮንሰርቱና ሌላው ዝግጅት ሲጨመር ሸክሙ ይቀልላል፤ ግን ምን ያህል ዝግጅት እንደሚመጣ ሁሌም ግምት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዳይሆን ነው ጭንቁ።

ገቢው ባይመጣስ ላልከው፦ ብድሩ የታሰበው «ሞራላዊ ግዴታ» በሚባል ዋስትና ነበር። ይህ በሕግ የሚያስከፍል ዋስትና አይደለም። ለብድሩ ክፍያ የተቀመጠው መጠባበቂያ ሲጎድል ገዥው ለሕግ አውጪው «ሙሉልኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ሕግ አውጪው እምቢ የማለት መብት አለው። እምቢ ካለ ግን የተበዳሪን አስተማማኝነት የሚመዝኑት ደረጃ አውጪ ድርጅቶች የግዛቱን የብድር ደረጃ ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ለትምህርት ቤትም ለመንገድም የሚወሰደው ብድር ወለዱ ይወደዳል። ስለዚህ በወረቀት ላይ እምቢ ማለት ይቻላል፤ በተግባር ግን ይከፈላል። የቨርጂኒያ ሴኔት የፋይናንስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሉዊዝ ሉካስ የያዙት ይህንን ነው፤ ግብር ከፋዩ ከቢሊየነር ጀርባ ዋስ ሆኖ አይቆምም ብለው ጉዳዩን ከበጀቱ አስወጡት፤ እዚያው ቀረ።

ዌስት ኢንድ 04 መለሰ፦

ወንድሜ ሒሳብ ሹም፣ ስሌትህን አልነቅፍም። የጎደለው ግን የቀረብን ነገር ሒሳብ ነው።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ የንብረት ግብሩን በአብዛኛው የተሸከመው የመኖሪያ ቤት ነው። ከወረርሽኙ በኋላ ቢሮዎች ባዶ ሲቀሩ ዋጋቸው ወረደ፤ የእነሱ ድርሻ በወረደ ቁጥር ልዩነቱ ወደ ቤት ባለቤቱና በኪራይ በኩል ወደ ተከራዩ ይዞራል። ትምህርት ቤቱ፣ እሳት አደጋው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሁሉ ከዚሁ ኪስ ነው። አዲስ የንግድ ግብር ምንጭ ማግኘት ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቦታውን ሄዳችሁ እዩት። ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆማችሁ ወደ ሪችመንድ ሀይዌይ ብታዩ የሚታየው ታርጌትና ሌሎች ትልልቅ መደብሮች፣ ከፊታቸው ደግሞ ግማሹ ባዶ የሆነ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ነው። የፖቶማክ ያርድ ሜትሮ ጣቢያ ግን በሜይ 2023 ሲከፈት ወደ 370 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ያ ገንዘብ እንዲመለስ የታሰበው በዙሪያው ከሚሠራው ህንጻ ከሚገኝ ግብርና የአልሚዎች መዋጮ ነው። አሬናው ቢቀርም የጣቢያው ዕዳ አልቀረም። «ዕዳ አንፈልግም» የሚል ሰው ይህንንም አብሮ ማንሳት አለበት።

ሦስተኛ የገቢ ግብር አለ። ዲሲ በ1973 በወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ ምክንያት ነዋሪዋ ያልሆነ ሰው እዚያ ሠርቶ ያገኘውን ገቢ መግበር አትችልም። ከቶሮንቶም ከቦስተንም የመጣ ተጫዋች እዚያ ለተጫወተበት ቀን ለዲሲ አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ቨርጂኒያ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ የለባትም። ይህ ከባዶ የሚመጣ ገንዘብ ነበር።

ሒሳብ ሹም መለሰ፦

የገቢ ግብሩ ነጥብ እውነት ነው፤ ከዕቅዱ ክፍሎች ሁሉ ጠንካራው እሱ ነበር። ግን ሙሉው አዲስ ገንዘብ አይደለም። ካፒታልስ ልምምድ የሚሠሩት ከ2006 ጀምሮ አርሊንግተን ቦልስተን ውስጥ፣ ፓርኪንግ ህንጻ አናት ላይ ባለው የበረዶ ሜዳ ነው። ስለዚህ አካባቢውን መርጦ ቨርጂኒያ የሚኖር ተጫዋች ድሮም ለቨርጂኒያ ይከፍላል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል ደግሞ ሰው በሚኖርበት ብቻ እንዲገበር የሚያደርግ ስምምነት አለ። አዲስ የሚሆነው በዋናነት የእንግዳ ቡድኖቹ ገቢ ነው።

በፓርኪንጉና በምግቡም እንዲሁ። እዚሁ አሌክሳንድሪያ ኦልድ ታውን እራት የሚበላ ቤተሰብ ያንን ገንዘብ አሬና ውስጥ ካወጣው ከተማዋ ያገኘችው አዲስ ነገር የለም፤ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ነው። ስለ ስታዲየም ድጎማ ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች በሰፊው የሚስማሙት እዚህ ላይ ነው። 30,000 ሥራ፣ 12 ቢሊዮን ዶላር ጥቅም የሚለው የደጋፊዎቹ ቁጥር ሲነገር ይህ ዝውውር ተቀንሶ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። አሬናውን ብቻ ሳይሆን ለዐሥርት ዓመታት በደረጃ የሚሠራውን ሰፈር በሙሉ የሚቆጥር ቁጥር ነው።

ስለ ጣቢያው ያነሳኸው ግን ልክ ነው፤ እሺ ብዬ እቀበላለሁ። እዚያ ቦታ መገንባት አለበት። ቨርጂኒያ ቴክ ካምፓሱን የሠራው ከጎኑ ነው፤ ቤትና ቢሮም ሊሠራ ይችላል። ለዚያ ቢሊዮን ተኩል የመንግሥት ቦንድ አያስፈልግም።

በረዶ ቤት መለሰ፦

ስለ ህንጻው የተጠየቀውን እኔ ልመልስ።

የሆኪ ሜዳ 200 በ85 ጫማ ነው፤ የቅርጫት ኳስ ሜዳ 94 በ50 ጫማ። ስፋቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይለያያል። ለቅርጫት ኳስ ብቻ ታስቦ የተሠራ አዳራሽ ውስጥ ሆኪ ስታስገባ የታችኛው መቀመጫ ለበረዶው ቦታ ይለቃል፤ ከላይ ያለው ተመልካች ደግሞ የቅርቡን ጎል አያይም። ብሩክሊን ላይ የሆኪ ቡድኑ አይላንደርስ በ2015 የገቡበት አሬና እንዲህ ነበር፤ ሜዳው ወደ አንድ ወገን ስለተገፋ ትልቁ የውጤት ሰሌዳ እንኳን መሐል ላይ አይውልም ነበር። ሶልት ሌክ ሲቲም በ2024 ቡድን ሲመጣላት አሬናው ለቅርጫት ኳስ የተሠራ ስለነበር ሜዳውን ሙሉ በሙሉ የሚያሳየው መቀመጫ ወደ 11,000 ብቻ ሆነ። የዲሲው ግን ከመጀመሪያው ለሁለቱም ታስቦ የተሠራ ነው፤ የማደስ ሐሳብ ያዋጣው አንዱ ለዚህ ነው።

በረዶው ራሱ ውፍረቱ ከ1 ኢንች እስከ 1 ኢንች ከሩብ ነው። ከሥሩ ኮንክሪት፣ ኮንክሪቱ ውስጥ በጣም የቀዘቀዘ ፈሳሽ የሚዞርበት ረጅም የቱቦ መረብ አለ። ውሃው በስሱ እየተረጨ፣ አንዱ ሲጠጥር ሌላው እየተደረበ፣ መሐል ላይ ነጭ ቀለምና መስመሮቹ እየተቀቡ ይሠራል። ቅርጫት ኳስ ሲኖር በረዶው አይነሳም፤ ሙቀት የማያሳልፍ ሰሌዳ ይነጠፍበትና የእንጨቱ ወለል በላዩ ይገጠማል። በማግስቱ ሆኪ ካለ ሠራተኞች ሌሊቱን ይፈቱታል።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ እርጥበት። ዲሲ ውስጥ በኤፕሪልና በሜይ አየሩ ይከብዳል። የዕቃ ማስገቢያው በር ሲከፈት እርጥቡ አየር ገብቶ በረዶው ላይ ያርፋል፤ ሜዳው ይለሰልሳል፣ ፓኩ (የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ) መዝለል ይጀምራል። ሁለተኛ ከኮንክሪቱ በታች ያለው አፈር ነው። ሙቀት ከላካይ ሽፋንና ከሥር የሚያሞቅ መስመር ከሌለው ወይም ከተበላሸ አፈሩ ራሱ በርዶ ያብጣል፤ ወለሉን ወደ ላይ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ይህን ለመጠገን ወለሉን ማፍረስ ነው። ስለዚህ በ1997 የተከፈተ ህንጻ «አርጅቷል» ሲባል የሚታየው ወንበርና ቀለም ብቻ አይደለም፤ ማቀዝቀዣው፣ ማድረቂያው፣ የዕቃ ማራገፊያው ጭምር ነው። ውድድሩ ከኦክቶበር ጀምሮ ስለሆነ እድሳቱ ውድድር በማይኖርባቸው ወራት ተከፋፍሎ የሚሠራ ሆነ። ጠቅላላው፣ የዲሲ 515 ሚሊዮን ተቆጥሮ፣ 800 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ሰቨንዝ ስትሪት መለሰ፦

መውጫው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጨዋታ ሲያልቅ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚወጣው።

ጋለሪ ፕሌስ ጣቢያ በአሬናው ሥር ነው፤ ቀዩ መስመር ከላይ፣ አረንጓዴውና ቢጫው ከታች። ፖቶማክ ያርድ ላይ ያሉት ሰማያዊና ቢጫ ብቻ ናቸው። ከ18,000 ሰው 9,000ው ባቡር ይዞ፣ አንድ ባቡር 500 አዲስ ተሳፋሪ ቢያነሳ 18 ባቡር ያስፈልጋል። ሦስት መስመር በሁለት ፎቅ ሲከፋፈሉት ሌላ ነው፤ ሁለት መስመር በአንድ ፎቅ ላይ ሲሆን ሌላ ነው። የቀረው ደግሞ ወደ ሪችመንድ ሀይዌይ ይወጣል፤ ያ መንገድ በአዘቦት ቀንም ከሥራ ሰዓት በኋላ ተጨናንቆ የሚያመሽ ነው። ዲሲ መሐል ግን በአራቱም አቅጣጫ የሚወስዱ ጎዳናዎች አሉ። ታክሲና ኡበር የሚያሽከረክሩ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፦ መኪናው ከጋራዡ መውጣት ካልቻለ ሁለተኛ ጉዞ የሚባል የለም።

ዕቅዱ በወጣበት ወቅት የባቡር ድርጅቱ ሜትሮ ራሱ 750 ሚሊዮን ዶላር የበጀት ጉድለት ነበረበት። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ በሚሰበሰብባት ሪችመንድ ላይ ዴሞክራቶቹ መጀመሪያ ለሜትሮ ገንዘብ ይገኝ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሴሚናሪ ሮድ መለሰ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ብዙ ነገር ጠራልኝ። አንድ የቀረኝ፦ ቡድኑ መሄድ ይችላል ወይ?

ሒሳብ ሹም መለሰ፦

ሁለት በር አለ። አንዱ ሊጉ ነው፤ ያለ ባለቤቶቹ ቦርድ ፈቃድ የሚንቀሳቀስ ቡድን የለም። ሁለተኛው የኪራይ ውል ነው፤ ይኼኛው ነው ከተሞች የሚዘነጉት። ዲሲ በ2007 ለህንጻው እድሳት 50 ሚሊዮን ዶላር ስታወጣ ውሉ ተሻሽሎ ነበር። የዲሲ ዋና ዐቃቤ ሕግ ብራየን ሽዋልብ በማርች 2024 ያንን ውል አንስተው ቡድኖቹ እስከ 2047 የመቆየት ግዴታ አለባቸው የሚል ደብዳቤ ጻፉ። ሞኑሜንታል አልተቀበለውም፤ ግን ከፊቱ ረጅም ክስ ሊጠብቀው እንደሚችል ታየ።

ውል የሌለው ሲሆን ምን እንደሚመጣ ከአሪዞና እዩ። የአሪዞናው የሆኪ ቡድን ካዮቲስ የግሌንዴልን አሬና ካጣ በኋላ 4,600 መቀመጫ ባለው የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተጫወተ። በሜይ 2023 የቴምፒ ሕዝብ አዲሱን አሬና በድምፁ ጣለው፤ በኤፕሪል 2024 ቡድኑ በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ተሸጦ ዩታ ገባ። በተቃራኒው ደግሞ ኩቤክ ሲቲ አለች፤ ቡድኗ በ1995 ሄደባት፤ በ2015 ከ18,000 በላይ መቀመጫ ያለው አሬና በመንግሥት ገንዘብ ሠርታ ከፈተች። እስከ አሁን የኤንኤችኤል (የትልቁ የሆኪ ሊግ) ቡድን አልመጣላትም።

ዲሲ በ2024 መጨረሻ ህንጻውን በ87.5 ሚሊዮን ገዝታ ለሞኑሜንታል መልሳ አከራይታዋለች። ነገ ሌላ ዕቅድ ወደ እኛ ከመጣ መጀመሪያ የሚነበበው ሥዕሉ አይደለም። ቡድኑ ቀድሞ ቢሄድ የቀረውን ብድር ማን ይከፍላል የሚለው አንቀጽ አለ ወይ? የወጪ ጭማሪ ቢመጣ የማን ነው? መጠባበቂያው ሲጎድል ቀድሞ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው ወይስ ከተማዋ? ሦስቱ በጽሑፍ ካልተመለሱ ኪራዩም የስያሜ መብቱም ላይ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ዌስት ኢንድ 04 መለሰ፦

በዚህ እስማማለሁ። አራተኛ ጨምርበት፦ ሆቴሉና አሬናው ውስጥ ለሚቀጠረው ሠራተኛ ደመወዝና የመደራጀት መብት ውሉ ውስጥ ይግባ። የኖርዘርን ቨርጂኒያ ሠራተኛ ማኅበራት ከዕቅዱ የሸሹት ይህ ስምምነት ላይ ባለመደረሱ ነው፤ እነሱ ቢቆሙለት ኖሮ ሪችመንድ ላይ ድምፁ ሌላ ይሆን ነበር።