ከእናቴና ከልጆቼ ጋር ወደ ቀርጤስ ለመሄድ የትኛው ወር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰናይት (ሙኒክ)

ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ፣ ከሁለት ተማሪ ልጆቻችንና ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ከሚመጡት እናቴ ጋር በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ አሥር ቀን ያህል ለማሳለፍ አስበናል። የመረጥነው የግሪኳን ደሴት ቀርጤስን ነው፤ ልጆቹ ባሕር ይፈልጋሉ፣ እናቴ ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ ቲቶን የተወበትን ደሴት የማየት የቆየ ምኞት አላቸው። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ጉልበታቸውም ዳገት አይችልም። በባቫሪያ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በፈረንጆች ፋሲካ፣ በጰራቅሊጦሳቸው ሰሞን ለሁለት ሳምንት፣ ከኦገስት መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ፣ ከዚያም ኦክቶበር ሲያልቅ ለአጭር ጊዜ በመሆኑ ምርጫችን ከእነዚህ አይወጣም። ባሕሩ ለልጆች የሚመችበት፣ ሙቀቱ እናቴን የማይጎዳበት፣ ዋጋውም የማይከብድበት ጊዜ የትኛው ነው? የእናቴ ቪዛስ ወደ ግሪክ ያስገባቸዋል?

መልስ፦ ደጀኔ (አቴንስ)

እኅቴ ሰናይት፣ እዚህ አገር ብዙ ክረምትና በጋ ያሳለፍኩ ሰው እንደመሆኔ የምመክርዎ የሴፕቴምበርን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ምክንያቱን ልዘርዝር።

የየብሱና የባሕሩ ሙቀት እኩል አይሄዱም። ምድሩ በሜይ ቶሎ ይሞቃል፤ ባሕሩ ግን ሙቀት የሚቀበለውም የሚለቀውም በዝግታ ስለሆነ በዚያው ወር በቀርጤስ ዳርቻ ከ19 እስከ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። በኦገስት ወደ 25 ወይም 26 ዲግሪ ይደርሳል፤ በሴፕቴምበርም አየሩ መለስ ሲል ውኃው ከዚያ እምብዛም አይወርድም። በኦክቶበር እንኳ 23 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የአየሩን ሙቀት ብቻ አይቶ ወር የሚመርጥ ሰው ልጆቹን ቀዝቃዛ ውኃ ዳር ያስቀምጣቸዋል።

ጁላይና ኦገስትን የማልመክረው በሙቀቱ ብቻ አይደለም። በእነዚህ ወራት በኤጂያን ባሕር ላይ ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ለቀናት ያለማቋረጥ ይነፍሳል፤ የቀርጤስን ሰሜናዊ ዳርቻ ቀዝቀዝ ቢያደርገውም ማዕበሉ ለልጆች አደገኛ ይሆናል፣ ሲበረታም መርከቦች ከወደብ እንዳይወጡ ይታገዳሉ። ነፋሱ ከአፍሪካ በኩል ሲዞር ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በጁላይ 2023 እና በጁን 2024 በአቴንስ የሚገኘው አክሮፖሊስ በሙቀቱ ብርታት በቀትር ሰዓታት ለጎብኚዎች ተዘግቶ ነበር፤ በዚያው በ2023 ጁላይ በሮድስ ደሴት በተነሣው ቃጠሎ በሺዎች የሚቆጠሩ እንግዶች ከሆቴላቸው ወጥተዋል። ኦገስት 15 የእመቤታችን በዓል ስለሆነ የአገሩ ሰው ራሱ ወደ ደሴቶቹ ይጎርፋልና በዚያ ሳምንት መኝታ ማግኘት ይከብዳል።

የኦክቶበር መጨረሻውን ዕረፍት ለባሕር ብላችሁ ባትመርጡት ይሻላል። ዝናቡ በዚያ ሰሞን ይጀምራል፣ ፀሐይዋ በጊዜ ትጠልቃለች፣ በባሕሩ ዳር ያሉ ብዙ ሆቴሎችም እስከ ጸደይ ይዘጋሉ።

መልስ፦ ነርስ ሂሩት (ስቶክሆልም)

ስለ እናትሽ አንድ ነገር ልጨምር። ከኦገስት 7 እስከ 21 ፍልሰታ ነው። እናትሽ እንደ አብዛኞቹ እናቶቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ የሚጾሙ ከሆነ፣ ይህን በግሪክ የኦገስት ሙቀት ውስጥ እንዲያደርጉት በፍጹም አልመክርም። አንዳንዶቹ የደም ግፊት መድኃኒቶች ሽንት በማብዛት የሰውነትን ውኃና ጨው ስለሚቀንሱ፣ ሙቀትና የውኃ ጥም ሲጨመሩበት ግፊቱ ከመጠን በላይ ወርዶ ሰው ሲነሣ ሊያዞረውና ሊጥለው ይችላል። እናትን «እዚህ ስለመጣሽ አትጹሚ» ከማለት ይልቅ ጉዞውን ከጾሙ በኋላ ማድረግ ይቀላል። በሴፕቴምበርም ቢሆን ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪማቸውን ስለ መድኃኒቱ መጠን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አትቀንሱት። መድኃኒቱን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ፣ ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ያዙ። የአዲስ አበባ ሰው ቀዝቃዛ ምሽት ስለለመደ ከቀኑ ይልቅ የሌሊቱ ሙቀት እንቅልፍ ይነሣዋልና ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ለእሳቸው ቅንጦት አይደለም።

መልስ፦ አቶ ፍስሐ (ሮም)

ከወንድሜ ደጀኔ በጥቂቱ እለያለሁ። የጰራቅሊጦሱ ዕረፍት በችኮላ መጣል የለበትም። በሜይ መጨረሻ ቀርጤስ ገና አረንጓዴ ናት፣ አበባው አልረገፈም፣ የነጭ ተራሮች ጫፍ ላይ በረዶ ሊታይ ይችላል፣ የቀኑ ብርሃንም ከሴፕቴምበር ይረዝማል። የእናንተ ጉዞ ዋና ምክንያት ባሕሩ ሳይሆን እናትዎ ከሆኑ ለሽማግሌ እግር ከዚህ የተሻለ አየር የለም። በተጨማሪም የእኛ ፋሲካ ዘግይቶ በሚውልበት ዓመት፣ ለምሳሌ ሜይ 2 በሚውልበት በ2027፣ ያ ዕረፍት ሙሉ በሙሉ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚወድቅ ረቡዕና ዓርብም ጾም የለም። ልጆቹም ቢሆኑ 20 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ከመግባት የሚመለሱ አይመስለኝም፤ ቶሎ የሚወጡት እኛ አዋቂዎቹ ነን።

ዋጋን በተመለከተ ግን ሴፕቴምበርን እደግፋለሁ። በዚያን ጊዜ ከባቫሪያና ከባደን ቩርተምበርግ በቀር አብዛኞቹ የጀርመን ግዛቶች ትምህርት ጀምረዋል፤ ስለዚህ የሆቴል ዋጋ ይቀንሳል። ከሙኒክ የሚነሣው አውሮፕላን ግን ወዲያው አይረክስም፤ ትምህርት ሊከፈት በቀረው የመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ከመመለስ በሳምንቱ መካከል ብትመለሱ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ልጆቹን ትምህርት ሳይዘጋ አውጥቶ መሄድ በባቫሪያ ቅጣት ስለሚያስከትል አታስቡት።

መልስ፦ ዮናስ (ፍራንክፈርት)

ስለ ቪዛው በአጭሩ፦ ዋና መድረሻቸው ጀርመን ስለሆነ ለጀርመን ያመልክታሉ፤ የሚሰጣቸው የሸንገን ቪዛ ግሪክንም ይሸፍናል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይቀርባል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር ግን አይቀርብም። የጤና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በሸንገን አገሮች ሁሉ የሚሠራ መሆን አለበት። የግሪኩን ጉዞ በማመልከቻው ላይ መግለጽ ተገቢ ነው። በ180 ቀን ውስጥ የሚፈቀደው ቆይታ ከ90 ቀን አይበልጥም፤ ስለዚህ ሴፕቴምበርን ከመረጣችሁ እናትሽ ጁን ላይ ከገቡ ቀናቸው ሊያልቅ ይችላልና በጁላይ ቢመጡ ይሻላል። ቱርክን ወይም ግብጽን ለመጨመር ካሰባችሁ ከሸንገን ወጥቶ መመለስ ስለሚሆን ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል።

ሰናይት (ጠያቂዋ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የአቶ ፍስሐን ሐሳብ በደንብ መዘንኩት፤ ነገር ግን ልጆቹ ባሕሩን ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁ ስለኖሩ ወደ ሴፕቴምበር አዘንብያለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። በቀርጤስ የቅዱስ ቲቶ በዓል ኦገስት 25 እንደሚከበር ሰምቻለሁ፤ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ስለሆነ ለእናቴ ስል ጉዞውን ወደዚያ ላምጣው? በሴፕቴምበርስ የማዕበልና የጎርፍ ስጋት የለም?

መልስ፦ ደጀኔ (አቴንስ)

በዓሉ በዋና ከተማዋ በሄራክሊዮን በቅዱስ ቲቶ ቤተ ክርስቲያን ይከበራል። ከቬኒስ በ1966 የተመለሰው የቅዱሱ የራስ ቅል ግን በዚያው ቤተ ክርስቲያን ስለሚኖር እናትዎ በማንኛውም ወር ሊሳለሙት ይችላሉ፤ ስፍራውም ሜዳ ላይ ነው። ከበዓሉ ሌላ የሚያስመጣ ነገር ከሌለ ለኦገስት ዋጋና ለሜልቴሚ ነፋስ ብላችሁ አትምጡ። የጥንቱ የቅዱስ ቲቶ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ያለበት ጎርቲና ግን ከባሕሩ ርቆ በመሳራ ሜዳ ላይ ስለሚገኝ በሴፕቴምበርም ቢሆን ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ግቡና ከቀትር በፊት ውጡ።

ስለ ማዕበሉ ላሰቡት ስጋት መሠረት አለው። በሴፕቴምበር 2023 ዳንኤል የተባለው ዐውሎ ነፋስ በመካከለኛው ግሪክ ቴሳሊያን አጥለቅልቆ ወደ ሊቢያ ተሻግሮ ነበር፤ በስፔን ቫሌንሲያም ብዙ ሰው የሞተበት ጎርፍ የደረሰው ኦክቶበር 29 ቀን 2024 ነው። ሞቃቱ ባሕር ለዝናቡ እርጥበት ስለሚሰጥ መጸው እየገፋ ሲሄድ ስጋቱ ያድጋል፤ የቀርጤስ የሴፕቴምበር መጀመሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን የሚያስታውሱ ከሆነ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ከዚህችው ደሴት መልካም ወደብ አትነሡ ብሎ መርከበኞቹን የመከረው የአይሁድ የመጸው ጾም ካለፈ በኋላ ነበር። ያ ወደብ ዛሬም በደቡብ ዳርቻ ላይ አለ፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ እናትዎን ከፊት ወንበር አስቀምጧቸው፣ በኮረብታው ላይ ያለችውንም የሐዋርያውን ትንሽ ጸሎት ቤት ከታች ሆነው ይዩአት። በዚያ ቀን ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ አሳላፊውን የጾም ምግብ ጠይቁት፤ ፋቫ የሚሉት የቢጫ ክክ ወጥ፣ በቲማቲም የተሠራ ትልልቅ ባቄላና በወይራ ዘይት የራሰ ጎመን በብዙ ቦታ ይገኛል። ግሪኮች በጾም ኦክቶፐስና ሽሪምፕ የመሳሰሉትን የባሕር እንስሳት ስለሚበሉ እናትዎ የማይበሉት ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩ።