ሌላ ገቢ የረጅም ጊዜ የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ ክፍያን እንዴት ይነካል?

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት)፦
የምንኖረው አሜሪካ ነው። ባለቤቴ በሕመም ምክንያት ሥራ ካቆመ ወዲህ፣ አሠሪው በገባለት የረጅም ጊዜ የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ የቀድሞ ደመወዙን 60 በመቶ፣ ማለትም በወር 3,000 ዶላር ይከፈለዋል። አሁን ኢንሹራንሱ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት) የአካል ጉዳት ክፍያ እንዲያመለክት በደብዳቤ ጠይቆታል፤ ትርፍ የተከፈለውን ለመመለስ የሚያስገድድ ውልም እንዲፈርም ልኮለታል። ከተፈቀደለት ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ያገኛል ወይስ አንዱ ከሌላው ይቀነሳል? የእኔ ደመወዝና ያለን ጥቂት ቁጠባስ ይቆጠርበታል? የምታውቁ ብታስረዱን ውለታችሁ አይረሳም።

መልስ (የጥቅማ ጥቅም ክፍል ሠራተኛ)፦
እግዚአብሔር ለባለቤትዎ ምሕረቱን ይላክላቸው። በአሠሪ በኩል የሚገቡ ኢንሹራንሶች በአብዛኛው ተቀናሽ ገቢዎችን የሚዘረዝር አንቀጽ አላቸው፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይገኛል። ለምሳሌ ሶሻል ሴኩሪቲ በወር 1,800 ዶላር ቢፈቅድላቸው ኢንሹራንሱ የሚከፍለው 1,200 ብቻ ስለሚሆን፣ ድምሩ ከ3,000 አይበልጥም። ብዙ ቤተሰብ ሳያስበው የሚደርስበት ግን የልጆቹ ጉዳይ ነው፤ በአባታቸው ጉዳት ምክንያት ለልጆቹ ከሶሻል ሴኩሪቲ የሚከፈለው ገንዘብም በብዙ ፖሊሲዎች (የኢንሹራንስ ውሎች) ተቀናሽ ስለሆነ፣ ልጆቹ በድምሩ 600 ዶላር ቢያገኙ የኢንሹራንሱ ድርሻ ወደ 600 ይወርዳል። የሥራ ላይ ጉዳት ካሳና ከአሠሪው የሚገኝ ጡረታም እንደዚሁ ይቀነሳሉ። የእርስዎ ደመወዝና ቁጠባችሁ ግን በተለምዶ አይነኩም። ሶሻል ሴኩሪቲም ቢሆን ከግል ኢንሹራንስ በሚመጣ ገንዘብ ምክንያት ይህን ክፍያ አይቀንስም፤ የትዳር ጓደኛን ገቢና የቤተሰብን ንብረት የሚመረምረው ለችግረኞች የሚሰጠው ሌላው ድጎማ ነው።

መልስ (በዚህ መንገድ ያለፈ)፦
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ ስለ ውዝፍ ክፍያው ልጨምር፤ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ ሲከት ያየሁት እሱ ነውና። የሶሻል ሴኩሪቲ ውሳኔ ብዙ ጊዜ ስለሚዘገይ፣ ሲፈቀድ ያለፉት ወራት ክፍያ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ኢንሹራንሱ በእነዚያ ወራት ሙሉውን 3,000 ሲከፍል ስለቆየ፣ ትርፉን መልሱ ይላል። የአሥር ወር ውዝፍ 18,000 ዶላር ቢገባ፣ ገንዘቡ የእናንተ መስሏችሁ ለመኪና ወይም ለቤት ዕዳ እንዳታውሉት አደራ እላለሁ፤ ሒሳቡ እስኪያልቅ ለብቻው ይቀመጥ። ጠበቃ ከያዛችሁ አብዛኞቹ ውሎች የጠበቃውን ክፍያ ከሚመለሰው ላይ ይቀንሱላችኋል፤ ክፍያው ከውዝፉ 25 በመቶ፣ ማለትም 4,500 ቢሆን የምትመልሱት 13,500 ይሆናል። አለማመልከት መፍትሔ አይደለም፤ ኢንሹራንሱ ሊፈቀድ ይችል የነበረውን መጠን ገምቶ እንዲቀንስ ብዙ ፖሊሲዎች ይፈቅዱለታል። ሶሻል ሴኩሪቲ ለኑሮ ውድነት በየዓመቱ የሚያደርገው ጭማሪ ግን ብዙውን ጊዜ ስለማይቀነስ፣ በየጥር ወሩ የሚመጣውን ሒሳብ በጥንቃቄ አስተያዩት።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የልጆቹን ጉዳይ ማንም አልነገረንም ነበር። ጤናው ሲሻለው ጥቂት ሰዓት ቢሠራስ?

መልስ (የጥቅማ ጥቅም ክፍል ሠራተኛ)፦
ብዙ ፖሊሲዎች በመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ውስጥ፣ የሥራ ገቢውና ክፍያው ተደምረው ከቀድሞው ደመወዝ እስካልበለጡ ድረስ ምንም አይቀንሱም፤ ከዚያ በኋላ ከተሠራው ገቢ ግማሹን መቀነስ የተለመደ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ደግሞ የራሱ የገቢ ጣሪያ አለው፤ ይህም ዓይነ ስውር ላልሆነ ሰው እ.ኤ.አ. በ2025 በወር 1,620 ዶላር ነበር። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ለሁለቱም በጽሑፍ ያሳውቁ። አጭሩን ማብራሪያ ሳይሆን ሙሉውን የፖሊሲ ሰነድ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አብዛኞቹን የግል አሠሪዎች ኢንሹራንሶች የሚገዛው የ1974ቱ የፌዴራል ሕግ ይህን መብት ይሰጣቸዋል። ቅነሳው የተሳሳተ መስሎ ከታያቸው ውሳኔው ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ ይግባኝ ለማቅረብ 180 ቀናት አሏቸው፤ በኋላ ፍርድ ቤት ቢደርሱ ዳኛው በአብዛኛው የሚመለከተው በይግባኙ ወቅት የገባውን ማስረጃ ስለሆነ፣ የሐኪምም ሆነ የደመወዝ ሰነድ ሳይቀር ያኔውኑ አያይዘው ያስገቡ።