ቮልሴ ሐረጎ ግርጌ ቆሟል፤ አሁን የሚያይ ካለ ድረሱልኝ!

የአባቴ ቮልስ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሼ የመጨረሻዎቹ ኩርባዎች ላይ ቮልሴ ሞቆ ጠፋብኝ። በዚህ ሳምንት ሁለተኛዬ ነው። መጀመሪያ ይንተፋተፋል፣ ቤንዚን ስሰጠው ጭራሽ ጉልበት ያጣል፣ ከዛ ጸጥ። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ስሞክረው ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ትንሽ ይሄድና እንደገና ጸጥ። ደሴ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብነዳው ምንም አይልም። የኮምቦልቻ ሙቀት አልተስማማውም መሰለኝ። ካርቡራተሩ ባለፈው ሳምንት ታጥቧል፣ ካንዴላው አራቱም አዲስ ነው፣ ቤንዚን ጠዋት ደሴ ቀድቼ ከግማሽ ታንከር በላይ አለኝ። እናቴ ጋቢና ቁጭ ብላ ዱዓ እያደረገች ነው። ነገ ኮምቦልቻ የአክስቴ ልጅ ኒካህ አለ፣ የኋላ ወንበሩ በሰርግ ድስት ተሞልቷል። የስልኬ ባትሪ 18 ነው። ምን ልንካ?

ቦርከና ማዶ፦ እናትህ ልክ ናቸው፣ ቮልስ ሐረጎን የሚሻገረው በዱዓ ነው። ቀልዱን እንተወውና ጎማው ስር ድንጋይ አድርገሃል? የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን አይታመንም። ስትነሳ ደግሞ ድንጋዩን አንሳው። ሰው መሀል መንገድ ጥሎት ይሄድና ማታ ባጃጅ ይገለበጥበታል።

ሰኞ ገበያ፦ የቤንዚን ፓምፑ ነው፣ ይሄን በሽታ አውቀዋለሁ። ፓምፑ ሞተሩ ላይ ስለተቀመጠ ሲግል ቤንዚኑ ውስጡ ይተናል። ትነት ደግሞ ፓምፑ መግፋት አይችልም። እርጥብ ጨርቅ አልብሰው፣ አስር ደቂቃ ጠብቅ፣ ይነሳል።

ቀዝቃዛው ደሴ፦ ቆይ ቆይ፣ ሞቋል ያለህ ማነው? ቮልስ የሙቀት ጌጅ የለው፣ ራዲያተር የለው፣ የሚፈላ ውሃ የለው። በዛ ላይ ቁልቁለት ነው የወረድከው፣ ሞተሩ ሥራ ሳይሠራ ከምን ይሞቃል? ስማኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ካርቡራተርህን ያጠቡልህ ደሴ ነው አይደል? ለደሴ ስስ አየር ቤንዚኑን ቀንሰው አስተካክለውልሃል። ኮምቦልቻ ስትደርስ አየሩ ወፍራም ነው፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ይንተፋተፋል። አንድ ካንዴላ ፍታና ጫፉን እይ። ነጭ ከሆነ እኔ ልክ ነኝ።

የአባቴ ቮልስ፦ ፈታሁ። ቡኒ ነው፣ ቆንጆ ቡኒ። ባለፈው ዓመትም በዚሁ ካርቡራተር ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ደሴም ከቦታዋ አልተነሳችም። ሞተሩ ላይ እጄን ሳስጠጋ ያቃጥላል እኮ፣ ለዛ ነው ሞቀ ያልኩት።

ቀዝቃዛው ደሴ፦ ሠርቶ የማያቃጥል ሞተር ካገኘህ ለእኔ ሽጥልኝ።

ጦሳ ሥር፦ ሽጠውና ቪትዝ ግዛ። ሙዚየም ይዘህ ሐረጎ ላይ ምን ትሠራለህ?

የአባቴ ቮልስ፦ የአባቴ ነው አልኩ፣ አይሸጥም። የሚረዳኝ ካለ ይርዳኝ።

ጋሽ ካንዴላ፦ ልጄ፣ በእኔ እጅ ያለፈውን ቮልስ ቁጥሩን አላውቀውም። የዘንድሮ መካኒክ መኪና ሲቆም ካርቡራተር ያጥባል፣ ካንዴላ ይለውጣል፣ ብሩን ይቀበላል። ማን እሳት አከፋፋዩን ዲስትሪቢዩተር ከፍቶ ፑንቲናውን፣ የእሳቱን መቆራረጫ፣ ያያል? ፑንቲናው ሲከፈት ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ነው። መጀመሪያ እሱን ታስተካክላለህ፣ ከዛ በኋላ ነው የማቀጣጠያ ጊዜውን የምትነካው። ገልብጠህ ከሠራህ ሁለቱም ይበላሻል፣ ምክንያቱም ፑንቲናውን ስትነካ ጊዜው አብሮ ይሄዳል። የድሮው 1300 ሞተር ከሆነ እሳቱ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ ነው። የቫልቩ ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር ነው፣ የማራገቢያው ቆርቆሮ ላይ ሌላ ቁጥር ተለጥፎ ካገኘህ ግን የተለጠፈውን እመን። ቫልቭ የሚለካው ሌሊቱን ያደረ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ነው፣ ከመንገድ መልስ አይደለም። ከ1ኛው ሲሊንደር ጀምረህ የታችኛውን ፑሊ ወደ ግራ ግማሽ ግማሽ ዙር እየመለስክ 2፣ 3፣ 4 ትላለህ። 3ኛውን አደራ። በድሮው ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ቆሞ አየር ይሻማዋል፣ ቫልቭ ቀድሞ የሚቃጠለው እዛ ነው። ዘይቱ ደግሞ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ያቺው ታለሰልሳለች፣ ያቺው ታቀዘቅዛለች። ወንፊት እንጂ እንደ ዛሬ መኪና የወረቀት ፊልትሮ የለውም። ስለዚህ ዘይት መቀየር ላይ አትሰስት። ሐረጎንስ እንዴት ነው የወረድከው? ማርሽ አውጥተህ ከሆነ ከእኔ ጋር አትነጋገር።

የአባቴ ቮልስ፦ ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነው የወረድኩት። ግን መንገድ ላይ ነኝ፣ አንድ ካቻቢቴና አንድ ፒንሳ ብቻ ነው ያለኝ።

ጋሽ ካንዴላ፦ ካቻቢቴ ካለህ ፑንቲና ትከፍታለህ። ከፑንቲናው ጋር ያለው ኮንደንሰርም ሲሞቅ የሚከዳ ዕቃ ነው፣ እሳቱን የሚፈጥረው ቦቢናም እንደዛው። ሲቀዘቅዝ ይታረቅሃል።

ሰኞ ገበያ፦ እርጥብ ጨርቅ አልኩህ እኮ።

ጦሳ ሥር፦ እኔም እርጥብ ጨርቅ እላለሁ። አጎቴ ፓምፑ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ ነው ዘመኑን የጨረሰው።

የአባቴ ቮልስ፦ እሺ የእናቴን ሻሽ አርጥቤ ፓምፑ ላይ አደረግኩ። ቆይቶ ተነሳ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሄድኩና ደግሞ ጠፋ። ውሃ ሞተሩ ላይ ልድፋበት?

ቦርከና ማዶ፦ እንዳታደርገው! በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋህ ይሰነጠቃል። ጨርቁ ለፓምፑ ብቻ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ አየህ ግን፣ ጨርቁ ሠራ!

ቀዝቃዛው ደሴ፦ ጨርቅ ሳይነካውም ቆሞ ሲቆይ ይነሳ ነበር እኮ ወንድሜ። ሻሹ ነው የሠራው ወይስ ሰዓቱ?

ሸዋ በር፦ እስቲ አንድ ነገር ላስቀድም። ሲጠፋ የታጣው ቤንዚን ነው ወይስ እሳት? ይሄን ሳናውቅ ጨርቅ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና እያልን እናስለፋሃለን። አሁን እንደጠፋ ሳይቀዘቅዝ የአየር ማጣሪያውን ከካርቡራተሩ ላይ አንሳ። ከጎን ያለችውን የቤንዚን መስጫ ዘንግ በእጅህ አራት አምስት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጋት፣ በስልክህ መብራት ጉሮሮው ውስጥ እያየህ። እንደ መርፌ ቀጭን የቤንዚን ጨረር መርጨት አለበት። አንዴ ረጭቶ ከደረቀ የቀረችው ጠብታ ናት፣ አትቁጠራት። በየጊዜው ከረጨ ቤንዚን ደህና ነው፣ የጋሽ ካንዴላን መንገድ ትይዛለህ። ሲጋራ አካባቢህ እንዳይኖር። በሃይላንድ ቤንዚን ካርቡራተር ላይ የሚያፈስ ሰው ከመጣም አባረው፣ ቮልስ የሚቃጠለው እንደዛ ነው።

የአባቴ ቮልስ፦ ወንድሜ ተባረክ። አንዴ ትንሽ ረጨ፣ ከዛ ምንም። ደረቅ ነው።

ሸዋ በር፦ እህትህ ነኝ። እንግዲህ ቤንዚን አልደረሰም። ከኋላ ካለው ሞተር ራቅና ታንከሩ ወዳለበት ወደ ፊት ሂድ። ኮፈኑን ክፈት፣ የታንከሩን ክዳን ቀስ ብለህ ፍታው፣ ጆሮህን አስጠጋ። አየር ፍስስ ብሎ ወደ ውስጥ ከገባ በሽታህን አገኘህ። ታንከር መተንፈስ አለበት። በክዳኑ ይሁን አንገቱ ላይ ባለች ቀጭን ቱቦ፣ የሆነ ቦታ አየር ማስገባት አለበት።

የአባቴ ቮልስ፦ ይቅርታ እህቴ። ግን ክዳኑ ምን አገባው? እሱማ ከሁሉም የተሻለው ዕቃ ነው። እናቴ ቤንዚን ይሸተኛል እያለች ስላማረረችኝ በቅርቡ ከካላማዳሪ ጎማ ቆርጬ ከክዳኑ ስር አድርጌ ጥብቅ አድርጌዋለሁ። ያቺን ቀጭን ቱቦም በብሎን ደፍኛታለሁ። ከዛ ወዲህ ሽታ የሚባል የለም።

ቦርከና ማዶ፦ ሱብሃነላህ! ይሄን መጀመሪያ ብትነግረን ጋሽ ካንዴላ ይሄን ሁሉ ባልደከሙ።

የአባቴ ቮልስ፦ ስለ ሞተር ነው የጠየቅኩት፣ ስለ ክዳን ማን ያስባል?

ሸዋ በር፦ ደሴ ላይ ጠጥተህ በደንብ የዘጋኸውን ባዶ ሃይላንድ ኮምቦልቻ ስትደርስ አይተኸው ታውቃለህ? ጎኑ ገብቶ ተጨማዶ ነው የምታገኘው። ደሴ ላይ የታሸገው አየር ስስ ነው፣ የኮምቦልቻው ወፍራም ነው፣ ከውጭ ይጫነዋል። ያንተም ታንከር ያ ሃይላንድ ነው። ጠዋት ደሴ ቀድተህ አሸግከው። 600 ሜትር በላይ ወረድክ። መንገድ ላይ ደግሞ ቤንዚኑ እየተጠጣ ውስጡ ያለው ቦታ እየሰፋ ሄደ፣ የሚተካው አየር ግን የለም። ፓምፑ ከፊት ይስባል፣ ታንከሩ ወደ ራሱ ይስባል። አርጅቶ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ ይሸነፋል። ቆመህ ስትቆይ በጎማው ጠርዝ ትንሽ አየር ይሰርጋል፣ ይነሳልሃል። ደሴ ውስጥ የማይታየውም ለዚህ ነው፣ እዛ ከፍታው አይለወጥም፣ መንገዱም አጭር ነው፣ ስትቀዳም ክዳኑ ይከፈታል።

ሰኞ ገበያ፦ ሙቀቱም አለበት ግን።

ሸዋ በር፦ አለበት፣ አልካድኩም። እየተሳበ ያለ ቤንዚን ሲሞቅ ቶሎ ይተናል። ጨርቅህ ትንሽ ያግዘዋል። መንስኤው ግን እሱ አይደለም።

ቀዝቃዛው ደሴ፦ እኔ አሁንም ካርቡራተሩን እጠረጥራለሁ። ቢሆንም የሃይላንዱን ነገር አይቼዋለሁ፣ እውነት ነው።

ሸዋ በር፦ ለዛሬ ብሎኑን ከቱቦዋ ላይ ንቀል፣ ጎማውን ከክዳኑ አውጣ፣ ቀስ ብለህ ግባ። ሙሉ ለሙሉ ክፍት አድርገህ ግን እንዳትነዳ፣ ኩርባ ላይ ቤንዚን ይፈስና ድስቶቹም እናትህም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታሉ። ሽታው የመጣው ከክዳኑ ላይሆን ይችላል። ከኒካሁ በኋላ ታንከሩ ስር ያለችውን የጎማ ቱቦ እይ፣ ከኋላ ደግሞ ከፓምፑ ወደ ካርቡራተር የምትሄደዋን። ስታጣጥፋት ስንጥቅጥቅ የምትል ከሆነ የዛኑ ዕለት ቀይራት፣ የቤንዚን ቱቦ በማሰሪያው ግዛ እንጂ የውሃ ቱቦ ቆርጠህ እንዳትጠቀም። ሞተር ላይ የምታንጠባጥብ ቱቦ ከሽታው በላይ ነገር አላት።

ጦሳ ሥር፦ ለእናቱ ደግሞ አንድ ሻሽ ይግዛ፣ የድሮው ፓምፕ ላይ ቀርቷል።

የአባቴ ቮልስ፦ ባትሪዬ 3 ደርሷል። ሄጄ ልፈታው ነው።

ሰኞ ገበያ፦ እህ፣ እንዴት ሆነ?

ቦርከና ማዶ፦ ባትሪው አልቋል መሰለኝ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ልጆች መግቢያው ጋ የቆመ ቮልስ አላያችሁም? የቀለበቱ ነገር እንዳይዘገይ።

ቀዝቃዛው ደሴ፦ ፍስስ አለ ወይስ አላለም? እሱን ብቻ ንገረን ወንድሜ።

ሸዋ በር፦ ሁለት ቀን ሆነው። እናቱ ደህና ገብተው ይሆን?

ቦርከና ማዶ፦ ትናንት ኮምቦልቻ ሙሽራ ሲሸኙ አንድ ውሃ ሰማያዊ ቮልስ ከኋላ ተከትሎ ሲያልፍ አይቻለሁ። አበባ ታስሮበታል፣ ጥሩምባውን አያቆምም። የሱ ይሁን የሌላ አላወቅኩም፣ ቀለሙን እንኳን አልነገረንም። ከኋላ ኮፈኑ ስር ግን እርጥብ የመሰለ ጨርቅ ጫፉ ወጥቶ ነበር።

ሰኞ ገበያ፦ አላልኩም?

ጋሽ ካንዴላ፦ ማንም ይሁን፣ ፑንቲናውን ከፍቶ ይይ።