ቅልቅል ቀይ ወይን ጠጅ ማለት የተበረዘ ማለት ነውን?

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦
ለፋሲካ አማቼ ከፈረንሳይ ቦርዶ፣ ፖይያክ ከተባለው ሥፍራ የመጣ እ.ኤ.አ. የ2020 ቀይ ወይን ጠጅ አመጣልኝ። ዋጋውን ባይነግረኝም ርካሽ እንዳልሆነ ከአያያዙ ተረድቻለሁ። ከዶሮ ወጡ ጋር ስቀምሰው ግን ልክ እንደ ጥሬ ሙዝ አፌን ይዞ አደረቀው፤ የበርበሬውንም ቃጠሎ አባባሰብኝ። ለአክብሮት ያህል አንድ ብርጭቆ ጨርሼ የተረፈውን ከድኜ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ማታ ያለ ምግብ ስቀምሰው ሌላ የተተካ እስኪመስለኝ ድረስ ለስልሶ፣ የጥቁር ፍሬ፣ የትምባሆ ቅጠልና አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ሽታ ይዞ አገኘሁት። አማቼ ከተለያዩ የወይን ዘሮች ተቀላቅሎ የተሠራ መሆኑን ሲነግረኝ ደግሞ ይበልጥ ግራ ገባኝ፤ እኔ ባደግሁበት ቤት ጠጅ ከሌላ ነገር ጋር ተደባለቀ ከተባለ ተበላሸ ማለት ነበርና። ጥሩ ወይን ጠጅ ለምን ይቀላቀላል? ጠባዩስ የሚመጣው ከየትኛው ዘር ነው?

መልስ (ቦርዶ ውስጥ የወይን ጠጅ ሥራ የተማርኩ)፦
መበረዝ ብርቱውን በቀጭኑ ማሳሳት ነው። በቦርዶ የሚደረገው ግን እያንዳንዱ የወይን ዘር ለብቻው ሙሉ ወይን ጠጅ ከሆነ በኋላ አንዱ የጎደለውን ሌላው እንዲሞላለት ማገናኘት ነው። እርስዎን አፍዎን የያዘዎት ካቤርኔ ሶቪኞ የተባለው የወይን ዘር እንደሆነ እገምታለሁ፤ ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ከልጣጩና በፍሬው ውስጥ ካለው ፍሬ የሚወጣው፣ ታኒን የተባለው አፍ የሚያደርቅ ንጥረ ነገር ብዙ ነው። የጥቁር ፍሬው፣ የዝግባውና የእርሳሱ ሽታም በአብዛኛው ከእርሱ ይመጣል። ሜርሎ በአንጻሩ ቀድሞ የሚበስል፣ ሥጋው የሞላ፣ የበሰለ ፕሪም የሚመስል ጣዕም ያለው በመሆኑ የካቤርኔን አጥንት በሥጋ ይሸፍነዋል። ካቤርኔ ፍራን መዓዛ ይጨምራል፤ ሳይበስል ከተለቀመ ግን ቃሪያ ቃሪያ ይላል። ፕቲ ቬርዶ የሚባለው ዘግይቶ የሚበስል ዘር በጥቂት በመቶ ብቻ ይገባል፤ ቀለሙንና ቅመም መሰሉን ጣዕም ለማጠንከር ያን ያህል ይበቃል።

የማቀላቀሉ ልማድ የመጣው ከጣዕም ፍልስፍና ብቻ ሳይሆን ከገበሬ ፍርሃትም ነው። ቦርዶ ለአትላንቲክ ውቅያኖስ ቅርብ ስለሆነ አየሩ አይታመንም፤ ሜርሎ ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ እንደ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2017 ያለ ውርጭ ክፉኛ ይጎዳዋል፣ ካቤርኔ ደግሞ ዘግይቶ ስለሚበስል የመስከረም ዝናብ ይደርስበታል፤ ሁለቱንም የተከለ ሰው ግን በአንድ ዓመት ሁሉን አያጣም። ፖይያክ ከዢሮንድ ወንዝ ግራ በኩል፣ ሙቀት የሚይዝ ጠጠራማ አፈር ላይ ስላለ ካቤርኔ ይበስልለታል፤ ከዶርዶኝ ወንዝ ቀኝ በኩል ያሉት ፖምሮልና ሴንት ኤሚልዮን ግን ቀዝቃዛ ሸክላ አፈር ስለሚበዛባቸው ለሜርሎ ያደላሉ።

ከመከሩ በኋላ ባሉት የብርድ ወራት ባለሙያዎቹ ከየማሳው የወጣውን ለየብቻ እየቀመሱ መጠኑን ይወስናሉ። ለብቻው ሲቀመስ የሚያስደንቅ ሆኖ ከሌላው ጋር ስላልተስማማ ብቻ ተለይቶ የሚቀር አለ፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ወደ አምራቹ ሁለተኛ ደረጃ ወይን ጠጅ ይሄዳል። የቫኒላና የቅርንፉድ ሽታ ካገኙበት ደግሞ እርሱ ከወይኑ ሳይሆን ከ225 ሊትሩ የኦክ በርሜል የመጣ ነው።

የሚገርመውን ልጨምርልዎ። እ.ኤ.አ. በ1997 በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ የዘር ምርመራ ካቤርኔ ሶቪኞ የካቤርኔ ፍራንና የነጩ ሶቪኞ ብላን ልጅ መሆኑ ታውቋል፤ ሜርሎም በአንድ በኩል ከዚያው ከካቤርኔ ፍራን እንደተወለደ በኋላ ተረጋግጧል። ስለዚህ በጠርሙስዎ ውስጥ የተገናኙት ባዕዳን ሳይሆኑ ግማሽ ወንድማማቾች ናቸው።

መልስ (ከአዲስ አበባ)፦
ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን ጥፋት የወይን ጠጁ ሳይሆን የገበታው ይመስለኛል። አልኮልና ታኒን የበርበሬን ቃጠሎ ያጎላሉ፤ የሥጋ ፕሮቲን ግን ታኒኑን ይዞ ያለሰልሰዋል። ለእንዲህ ያለው ወይን ጠጅ ቃሪያው ያልበዛበት ጥብስ ወይም ሚጥሚጣው ቀለል ያለ ክትፎ ከዶሮ ወጥ ይልቅ ይስማማዋል። ወጣት ቦርዶ ከመጠጣቱ በፊት ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ተገልብጦ ሰዓት ሁለት ሰዓት አየር ቢያገኝ፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ሙቀትም ቢቀርብ፣ እስከ ማግስቱ መጠበቅ ባላስፈለገዎት ነበር።

ልዩነቱን በምላስዎ ለማወቅ ከፈለጉ ከአንድ አምራች አንድ የሜርሎ፣ አንድ የካቤርኔ ጠርሙስ ገዝተው ራስዎ ያቀላቅሉ። እኛ ይህን የምናደርገው ባቱ (ዝዋይ) በሚመረተው ሪፍት ቫሊ በተባለው ወይን ጠጅ ነው፤ በአንድ የወይን ዘር ስም ስለሚሸጥ ለትምህርት ይመቻል።

መልስ (ከጄኔቫ)፦
ቅልቅል ሁሉ የበለጠ ነው የሚል ስሜት እንዳይፈጠር እሰጋለሁ። የፈረንሳዩ ቡርጎኝ ታላላቅ ቀይ ወይን ጠጆች ፒኖ ኗር ከተባለው ዘር ብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ እዚያው ቦርዶ ውስጥ ፔትሩስ የተባለው ዝነኛ ወይን ጠጅ ከሞላ ጎደል ሜርሎ ብቻ ነው፣ ማንም ጎደለው አይለውም። በሌላ በኩል ጠያቂው ባሉበት አሜሪካ በጠርሙሱ ላይ የአንድ ዘር ስም ለመጻፍ 75 በመቶው ከዚያ ዘር መሆኑ በቂ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት 85 በመቶ ይጠየቃል። ስለዚህ «ካቤርኔ» ብለው የጠጡት ሁሉ ንጹሕ ካቤርኔ እንደነበር እርግጠኛ አይሁኑ፤ ቦርዶዎቹ ደግሞ በአብዛኛው የዘሩን ሳይሆን የቦታውን ስም ነው የሚጽፉት።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ከአማቼ ጋር ሁለት የካሊፎርኒያ ጠርሙሶች ከፍተን በሻይ ማንኪያ እየለካን ሞከርነው። ሜርሎው ለብቻው ደስ ቢልም ቶሎ ከአፍ ጠፋ፤ ካቤርኔው ቆየ፣ ግን መሐሉ ባዶ ነበር። ግማሽ በግማሽ ስናደርገው ሁለቱም ጠፉብን። ሰባት ማንኪያ ካቤርኔ ከሦስት ማንኪያ ሜርሎ ጋር ሲሆን ግን አማቼ ዝም አለ፤ እኔም ብርጭቆዬን ደግሜ ሞላሁ።