ከጉልጃ ወደ አልማቲ፦ የሾፌሩ 9:00 በየትኛው ሰዓት ነው?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ያለሁት በምዕራብ ቻይና፣ በሺንጂያንግ ክልል፣ ጉልጃ ከተማ ነው። ነገ በድንበር ከተማዋ በሖርጎስ በኩል ወደ ካዛክስታኗ አልማቲ መሻገር አለብኝና መንገዱን የምታውቁ እባካችሁ ድረሱልኝ። ሰዓቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ቻይና ከዳር እስከ ዳር የምትመራው በቤጂንግ ሰዓት ነው፤ ባቡሩም አውሮፕላኑም በዚያው ይሄዳል። እዚህ ግን ብዙ ኡይጉሮችና ካዛኮች በዕለት ኑሯቸው የሚጠቀሙት ከቤጂንግ ሁለት ሰዓት ወደኋላ በሆነው የአካባቢው ሰዓት ነው። ወደ ድንበሩ የሚወስደኝ ካዛክ ሾፌር በብጣሽ ወረቀት ላይ «9:00» ብቻ ጽፎልኝ ሄደ። በቋንቋ አንግባባም፤ ስልክም አያነሳም። በቤጂንግ ሰዓት ከሆነ በዚህ የታኅሣሥ ብርድ ገና ሳይነጋ መንገድ ዳር ልቆም ነው። በአካባቢው ከሆነ ደግሞ በቤጂንግ 11:00 መሆኑ ነው።

ከድንበሩ ማዶ ነገሩ ይብሳል። ካዛክስታን እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1 ቀን 2024 ጀምሮ መላ አገሪቱን በአንድ ሰዓት ስላደረገች፣ አልማቲ ከቤጂንግ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ናት። ቀደም ብለው የተጻፉት የጉዞ መመሪያዎች ሁለት ሰዓት ስለሚሉ አልረዱኝም። ከማዶ የምሳፈርበት አውቶቡስ የሚነሳው በካዛክስታን 15:00 ነው።

የጉልጃ ሾፌሮች ለመንገደኛ ቀጠሮ የሚሰጡት በየትኛው ሰዓት ነው? የቻይናው ኬላስ የሚከፈተውና የሚዘጋው በቤጂንግ ሰዓት ነው? ዘግይቼ በቤጂንግ 11:00 ብነሳ አውቶቡሱ ላይ እደርሳለሁ? ዛሬ ማታ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።