«እጣ ወጣለት» ወይስ «እጣ ወጣበት»? ስለ ግዴታ ውትድርና ቃላት

የታቦር ልጅ፦ ሰላም የቃል ወዳጆች። ከሐዋሳ ነኝ፣ ለሰፈር ልጆች የንባብ ክበብ ስለ ቬትናም ጦርነትና ስለ አሜሪካ ተማሪዎች ተቃውሞ አንድ ሁለት ገጽ እየጻፍኩ «ድራፍት» የሚለው ላይ፣ ወጣቱን በግዴታ ለጦር መጥራት ማለት ነው፣ ቆሜ ቀረሁ፣ እንዳለ ብተወው ልጆቹ ቢራ ነው የሚመስላቸው። «ምልመላ» ልበለው? ደሞ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1 ቀን 1969 ማታ እጣ አውጥተው ነበር፣ 366ቱን የልደት ቀን በየብልቃጡ ከተው አንድ በአንድ ሲያወጡ መጀመሪያ የወጣው ሴፕቴምበር 14 ነው፣ በዛ ቀን የተወለደ ወጣት ከሁሉ ቀድሞ ለጦር ይጠራል ማለት ነው። «እጣ ወጣለት» ብዬ ጽፌ ጆሮዬን ቆረቆረኝ።

ፊደል ወዳድ፦ ምልመላ ወዶ ለገባም ይባላል እኮ፣ ግዴታው ይጠፋብሻል። «ግዳጅ»ም ብቻውን አይሆንም፣ ወታደር ቤት ግዳጅ ማለት የታዘዘው ስራ ነው፣ «ግዳጅ ላይ ነው» ይላሉ። «የግዴታ ውትድርና» በይው። የኛው በ1975 ሲታወጅ ስሙ «ብሔራዊ ውትድርና» ነበር፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሁሉ ስድስት ወር ሰልጥኖ ሁለት ዓመት ያገልግል የሚል፣ ሰፈር ውስጥ ግን የሚሰማው «አፈሳ» ነው፣ «የእገሌ ልጅ ታፈሰ»። የሚታፈሰው እህል ነበር፣ ሰውን በቁና እንደ ማለት ነው። ለአሜሪካኖቹ ግን አፈሳ አትበይ፣ እነሱ ጋ በደብዳቤ ነው የሚጠራው።

እጣው ላይ ጆሮሽ ልክ ነው። የኮንዶሚኒየም እጣ ይወጣልሻል፣ የጦርነት እጣ ይወጣብሻል። «ዘመተ» ስትይ ልጁ ጀግና ነው፣ በቃ። እናቱ «ዘመተብኝ» ስትል ግን ከቤቷ የጎደለውን ነው የምትነግርሽ፣ እንደ «ጠፋብኝ»፣ እንደ «ሞተብኝ»። ስለ ጦርነት የሚጽፍ ሰው ይቺን «ብ» መዝለል የለበትም ብዬ አምናለሁ።

የ83 ተማሪ፦ እኔ በ1983 ከዩኒቨርሲቲ ብላቴ ወታደር ማሰልጠኛ ከወረዱት ነኝ፣ ትምህርት ተቋርጦ ነው የሄድነው። እናቴ ያንኑ ነበር የምትለው፣ «ዘመተብኝ»። «ዘመቻ» ለተማሪ በፊት ሌላ ነበር፣ በ1967 በእድገት በህብረት ተማሪ ዘመተ ሲባል ገጠር ወርዶ ማስተማር ነው፣ በኛ ጊዜ ክላሽ መያዝ ሆነ። ግንቦት 13 መንግሥቱ ከአገር ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ተበተነና ስንቱ ልጅ ደብተሩን ዶርም እንደተወ በሞያሌ አድርጎ ኬንያ ገባ፣ ስደተኛ ሆነ።

አንድ ልዩነት ጻፊልኝ እባክሽ፣ አሜሪካ ኮሌጅ ያለ ልጅ እስኪጨርስ ጥሪው ይቆይለት ነበር፣ መማሪያ ያጣው ነው ቀድሞ የሚሄደው። ያም ሆኖ ተማሪዎቹ ሰልፍ ወጥተው «አንሄድም» አሉ፣ ሜይ 4 ቀን 1970 ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ ተኩሶ 4 ተማሪ ገደለ 9 አቆሰለ። እኔ በኛ ጊዜ ያንን ቃል ጮክ ብሎ ያለ ሰው አልሰማሁም። «አንዘምትም» ብለሽ ግን እንዳትተረጉሚው፣ ዘመቻ ክብር ያዘለ ቃል ነው፣ «አንሄድም» ይሻላል፣ ልጅ ለአባቱ እምቢ ሲል የሚለው ነው።

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። «እጣ ወጣበት»ም «አንሄድም»ም ገብተዋል፣ ስለ ብላቴም አንድ አንቀጽ እጨምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነው የምናነበው፣ በሐዋሳ የሚያልፉ ከሆነ መጥተው ራስዎ ለልጆቹ ቢነግሩልን።