አንድ ሳሙና፣ አንድ ደብተር፦ ደብተሩ የት ደረሰ?

ባለሱቋ፣ ኮዬ ፈጬ

ኮንዶሚኒየሙ ምድር ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል የአንድ ሳሙና ድርጅት ወኪል መጥቶ «አንድ ሳሙና ሲገዙ አንድ ደብተር ለአንድ ተማሪ» የሚል ፖስተር በሬ ላይ ለጠፈ። ሳሙናው ከሌላው በአምስት ብር ይወደዳል፤ ሰው ግን ያንኑ መረጠ። እናቶች «የደብተሩን ስጪኝ» ማለት ጀመሩ፤ የሳሙናው ስም ተረሳ። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅማ የጎረቤቱን ሁሉ መጠቅለያ በፌስታል እየሰበሰበ፣ ባንኮኒዬ ላይ ዘርግቶ ይቆጥረው ነበር።

በመዝገቤ 31 ካርቶን ሸጫለሁ። አንዱ 24 ይይዛል፤ 744 ሳሙና መሆኑ ነው። በዙሪያዬ ሌሎች አራት ሱቆችም ይሸጣሉ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ግቢ ድምፅ ማጉያ ተተከለና 300 ደብተር መሰጠቱ ተነገረ። ካሜራው በደንብ ስላልያዘ ልጆቹ ሦስት ጊዜ እንዲያጨበጭቡ ተደረገ። ያለበሷቸውን ቲሸርት ፎቶው ሲያልቅ ሰብስበው ወሰዱት። ልጁ በማግስቱ መጥቶ «እኔ ብቻ 62 ቆጥሬያለሁ፤ የእኔዎቹ የት ሄዱ?» አለኝ። ምን ልበለው? እንዲህ ያለ ዘመቻ ቃሉን ይጠብቃል ወይስ ሞኟ እኔ ነኝ?

የቀድሞ የማስታወቂያ ሠራተኛ

እህቴ፣ ፖስተሩን ታቹን አንብቢው። «እስከ ይህን ያህል ድረስ» የሚል ጉንዳን የሚያህል ጽሑፍ አይጠፋም። በሠራሁበት ቤት የስጦታው መጠን የሚቆረጠው ገና አንድም ዕቃ ሳይሸጥ ነበር፤ ገንዘቡም የሚወጣው ከማስታወቂያው በጀት ነው። ስለዚህ ሽያጩ ቢያድግ ስጦታው አያድግም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 አሜሪካን ኤክስፕረስ ደንበኞቹ በካርዱ በከፈሉ ቁጥር አንድ ሳንቲም ለኒውዮርኩ የነፃነት ሐውልት እድሳት እሰጣለሁ ብሎ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል። ለራሱም አተረፈበት፤ ይሁን፣ አልቀየመውም። ተቀባዩም መጠኑም የታወቀ ነበር። ደግሞስ ደብተሩ ሁሉ ለእናንተ ትምህርት ቤት ነው ያለ አለ?

ነርስ፣ ቱሉ ዲምቱ

ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዩ። ፓምፐርስ ከ2006 ጀምሮ (በእነሱው አቆጣጠር) ከዩኒሴፍ ጋር «አንድ እሽግ፣ አንድ ክትባት» ብሎ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ መከላከያን ደግፏል። (እኛ ዘንድ የማንም ዳይፐር ፓምፐርስ ስለሚባል ከማመስገናችሁ በፊት እሽጉን እዩት።) ኢትዮጵያም በሽታውን የጤና ችግር ከመሆን ማስወገዷ በዚያው አቆጣጠር በ2017 ተረጋግጧል። ግን ክትባቱን ተሸክማ ዳገት የወጣችው ዳይፐር ሻጭ ሳትሆን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የሚያደርስ ሰው አስቀድሞ ከሌለ የእሽጉ ገንዘብ የትም አይደርስም። ለእናንተ ደብተር አድራሹ ማን ነበር?

ንብረት ክፍል

እትዬ ባለሱቅ፣ ክርክሩን ተይውና ሞዴል 19 ጠይቂ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ንብረት ገቢ የሚሆነው በእሱ ነው፤ ቁጥሩ እዚያ ላይ ሰፍሯል። በማይክሮፎን ከተነገረው ከተለየ፣ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሰነድ ሳትይዢ ግን አቤት አትበዪ።

ባለሱቋ፣ ኮዬ ፈጬ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ጠየቅሁ፤ የንብረት ክፍሉ ሰው ሳያንገራግር ሰነዱን አዙሮ አሳየኝ። «ደብተር ባለ 50 ሉክ፣ 240» ይላል። ከሥሩ «ባነር ከነብረት መቆሚያው፣ 1»። ባነሯንም ገቢ አድርገውላቸዋል! የቀሩት 60 ደብተሮች የት እንዳሉ እሱም አያውቅም።

ፖስተሩንም ልጬ አወረድኩት። ታቹ «እስከ 5,000 ደብተር፣ በተመረጡ ትምህርት ቤቶች» ይላል፤ ያነበብኩት በባለቤቴ መነጽር ነው። እንግዲህ በጽሑፉ ከሄድን አልዋሹም፤ ልጁን ግን በጽሑፍ አላስቆጠሩትም። ወኪሉ ነገ አዲስ ካርቶን ይዞ ይመጣል። የልጁን ፌስታል ባንኮኒው ላይ አስቀምጬዋለሁ።